በፕላኑ ላይ የሌለው ምሰሶ

ሰሞኑን ከጎረቤቴ አጥር ወዲያ ጭቃ እየተቦካ ነው። ወጥ ቤት ሊሠሩ አስበው ብሎኬቱ አልቀመስ ቢላቸው ወደ ድሮው ተመለሱ። የጤፍ ጭድ ከቀይ አፈር ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ ጥቂት ቀን ሲሰነብት የሚያመጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ሞቅ ይላል፣ ከብት ያደረበት ይመስላል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ጆሮዬ በሩን በሩን ያደምጣል። የልጄ ሚስት አይታኝ "እማ፣ ምን ሆኑ?" አለችኝ። "የማዘጋጃ ቤት ሰው የመጣ መስሎኝ ነው" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ሳቂ ልጄ፣ ሳቂ። እኔ ግን ወላሂ እውነቴን ነው፤ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም የጭቃ ሽታና የበር ማንኳኳት አንድ ላይ ነው የሚመጡብኝ።

ያኔ ቡታጅራ ሌላ ነበረች። መንግሥት ተለውጦ ሰው እርስ በርሱ "አሁንስ ምን ይመጣ ይሆን?" የሚባባልበት ሰሞን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ አስፋልት አልለበሰም። ጥያን አልፎ የመጣ መንገደኛ ከመኪና ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር አመድ ለብሶ ስለሚወርድ፣ እናት ልጇን የምትለየው በድምፁ ነበር። ባጃጅ የሚባል አልተወለደም፤ ያለው የፈረስ ጋሪ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው ካሴት ቤት ጠዋት ጠዋት መንዙማ ከፍቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ዘፈን ይዞር ነበር። ባለቤቱን "ምነው?" ሲሉት "ጠዋት ለአኼራዬ፣ ከሰዓት ለሆዴ" ይላል። እኛ ወጣት ሚስቶች ከመርካቶ የመጣ አበባማ የድሪያ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪ፣ እግራችን ላይ ያው ፀሐይ ሲያገኘው እግር የሚቀቅል ኮንጎ ጫማ። ያኔ አንድ ቤት ሙሉ ቆርቆሮ የተገዛበት ገንዘብ ዛሬ አንዱን ቆርቆሮ ከነሚስማሩ አይገዛም። ታዲያ ያኔም ውድ ነው እያልን እናማርር ነበር። ሰው መቼም ውድ ነው ማለትን አይተውም።

እኔ ራህመት እባላለሁ። ባለቤቴ ከድር የበርበሬ ነጋዴ ነበር። በገበያ ቀን ከሱቅ ሲመለስ ገና በሩን ሳያልፍ እኛ ውስጥ ሆነን እናስነጥስ ነበር፤ "መጣሁ" ማለት አያስፈልገውም። ስንጋባ ያስገባኝ እናቱ ቤት ነው። እማማ ዙልፋ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ ቁጣቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት። ቤታቸው ክብ የሳር ጎጆ ነው። መሐሉ ላይ ሟቹ ባላቸው አባባ ሸፋ በተጋቡበት ዓመት በገዛ እጃቸው የተከሉት የጥድ ምሰሶ ቆሟል። በባለቤቴ ወገኖች ዘንድ ሙሽራ ቤት ስትገባ ከሰው በፊት የምትስመው ምሰሶውን ነው። ለእኔ ብለው ቅቤ ቀብተውት ኖሮ አቅፌው ስለቀው አዲሱ ድሪያዬ ቅቤ በቅቤ ሆነ። ሰርገኛው ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ። እማማ ዙልፋ ጆሮዬ ስር መጥተው "አይዞሽ፣ እኔም እንዲህ ነው የገባሁት" አሉኝ። እንዲህ ያለው ምሰሶ፣ የተተከለለት ሰው በሕይወት እያለ አይነቀልም። ይህን የሚያስተምር የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ጎጆው ሲሠራ ዙሪያው እንሰት ነበር አሉ። በኋላ ከተማው እያደገ መጥቶ እንሰቱን ነቀለ፣ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤት ተከለ፣ ፊት ለፊት መንገድ ቀደደና እኛን መሐል ላይ አስቀረን። የሳሩ ክዳን ደግሞ አረጀ። ዝናብ ሲጥል እማማ ዙልፋ ፍሳሹን እየሸሹ አልጋቸውን በምሰሶው ዙሪያ ያዞሩ ነበር። አንዱን ክረምት እንዲህ ዞረው ጨረሱት፤ በበጋው ሳል ያዛቸውና ደረታቸው ሳይለቃቸው ሌላ ክረምት ተቃረበ። ከድር "ሌላ ክረምት በዚህ ቤት ከከረመች እናቴን እቀብራለሁ" አለኝ። ፊቱን አይቼ ፈራሁ፤ ሰውዬው እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በማግስቱ ሰምበሌጥ በጋሪ አስጭኖ መጣ።

ሳሩን ገና ሳናራግፈው ጎረቤት ሮጦ መጣ። "ከድር! አብደሃል እንዴ? ሳትጠይቅ አንድ እፍኝ እንዳትወረውር!" አዲስ ደንብ ወጥቷል፤ ቤት ለማደስም ሆነ ለመጨመር ፈቃድ ይወጣል፤ ያለ ፈቃድ የነካካ ይፈርስበታል። ወሬ ነው እንዳንል፣ ከታች መታጠፊያው ጋ ያለው ልብስ ሰፊ ለደንበኛ ጥላ ይሆናል ብሎ በረንዳ አስወጥቶ ነበር። ጠዋት መጥተው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት፣ ከሰዓት አፈረሱት። የስፌት መኪናውን ታቅፎ መንገድ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ነገር አላምንም፤ የገዛ ባሌ በርበሬ ግድግዳ ላይ ሲነካ እንኳ ቶሎ እጠርገው ነበር።

ከድር ማዘጋጃ ቤት ሄደ። የሄደበት ሰሞን ደግሞ አረፋ የቀረበበት ነው። ከአዲስ አበባ የወጣ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ለአረፋ አገሩ ይገባል፤ ስለዚህ ከተማው በሞላ ግድግዳ የሚመርገው፣ በር የሚያሰፋው፣ ለእንግዳ ማደሪያ የሚቀጥለው በዚያው ሰሞን ነው። መስኮቱ ፊት ያለው ግፊያ የስኳር ወረፋ ነበር የሚመስለው። ተራው ሲደርስ የተሰጠው መልስ አጭር ነው። ቆርቆሮ ቤት እድሳት ፈቃድ አለው። በመንገድ ዳር ያለ የሳር ቤት ግን አይታደስም፤ እሳት ቢነሳ ሰፈሩን ይጨርሳል። ሳሩ ያረጀበት ሰው ጎጆውን አንስቶ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ በፕላን የቆርቆሮ ቤት ይሥራ። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ እሳቱን እኛም እንፈራ ነበር። ከድር ቤት መጥቶ ለእናቱ ሲነግራቸው ግን እማማ ዙልፋ አንድም አልተቆጡም። ባይቆጡ ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

"ሸፋ ይሄን ሲተክል ምን ብሎኛል መሰለህ?" አሉት። "'ከዚህ የምትወጪው ወይ አንቺ ስትሞቺ፣ ወይ ምሰሶው ሲወድቅ ነው' ብሎኛል። እኔም አልሞትኩ፣ እሱም አልወደቀ። ታዲያ የት ነው የምሄደው?"

"እማ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው።"

"ይምጣ። አልጋዬን አዞራለሁ።"

ከድር ከእናቱና ከደንቡ መሐል ገብቶ ከሳ። በርበሬውን ሲመዝን ይሳሳታል፣ ሲጠሩት አይሰማም። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ፕላን የሚሠራ ሰው ነበር፤ መጥቶ ቦታውን ለካ። ግራና ቀኝ ጎረቤት፣ ከኋላ የጉድጓድ ውሃ፤ ከመንገዱ ገባ ሲባል አዲሱ ቤት የሚያርፈው ከጎጆው አናት ላይ ነው። ሰውዬው ጎጆውን ዞሮ ዞሮ "እናንተዬ፣ ይሄ ቤት ማዕዘን የለውም! ከየት ልነሳ?" ሲል እማማ ዙልፋ ከውስጥ "ማዕዘን ሌባ ይደብቃል!" ብለው መለሱለት። ያን ጊዜ ነው ከድር ድንገት የሳቀው። ሳቁን ሳይጨርስ "ጎጆውን ሳንነካ ዙሪያውን ግድግዳ እናቁም። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ሳሩንና የጎጆውን ግድግዳ ከውስጥ እናወጣለን። እናቴ ከቤቷ አትወጣም፤ ቤቷ ነው የሚለወጥላት" አለ። አናጢው ጣሪያውን ከምሰሶው አናት በላይ እንዲያሳልፈው ከፍ ተደርጎ ተነደፈ። ፈቃዱ ወጣ። ከድር ፈረመ።

ሥራው በደቦ ነው የተሠራው። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃውን እየረገጡ ይዘፍናሉ፣ እኛ ሴቶቹ እንለስናለን፣ ቆጮና ጎመን ይመጣል። ሽታው ከዚያ ጀምሮ ነው ልብሴ ውስጥ የቀረው። እማማ ዙልፋ ጎጆው ውስጥ ተቀምጠው ግድግዳው ዙሪያቸውን እየወጣ መጣ። ብርሃኑ በተጋረደ ቁጥር "ራህመት፣ መሸ እንዴ?" ብለው ይጣራሉ፤ "ኧረ ገና ቀን ነው እማማ" እላለሁ። ጎረቤቱ የጣሪያውን ከፍታ እያየ "መስጊድ ነው እንዴ የምትሠሩት? አዛን የሚለውንስ አገኛችሁ?" ይለናል። ቆርቆሮው ተመታ፣ ሳሩ ወረደ፣ የስንት ዘመን ጥላሸት አብሮ ወርዶ ሁላችንም ከሰል ሻጭ መሰልን። የጎጆው ግድግዳ ወጣ። ምሰሶው ብቻ ሰፊው ክፍል መሐል ቀጥ ብሎ ቀረ። እማማ ዙልፋ በአዲሱ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብለው አዩና እንደ ልማዳቸው ሥሩ ተቀመጡ። ደስ አለኝ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

ፈቃዱን አንድ የሚያነብ ዘመድ አየውና "ከድር፣ ምን ብለህ እንደፈረምክ ታውቃለህ?" አለው። ነባሩ ቤት ሙሉ በሙሉ ይነሳል ይላል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል፤ ከነባሩ ቤት አካል የቀረ ከተገኘ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ አዲሱም ቤት ይፈርሳል። ከድር ተነቦለታል፤ ሰምቶታል። እሱ ግን ቤት ማለት ግድግዳና ክዳን ነው ብሎ ነው የሰማው። ምሰሶው ለእሱ መቼ ቤት ሆነና? አባቱ ነው። "አንሱት ያሉኝ ቤቱን ነው እኮ፤ ቤቱንም አንስቻለሁ" እያለ ሲያስረዳ ዘመዱ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄን ለእኔ ሳይሆን ለተቆጣጣሪው ንገረው።" ተቆጣጣሪው ከአረፋ በፊት እመጣለሁ ብሏል። የከድር ወንድሞች ከመርካቶ ከነቤተሰባቸው ለአረፋ ይገባሉ፤ እማማ ዙልፋ ገና ያስላሉ፤ ደመናው ከዝዋይ በኩል ጠቁሮ ይመጣል። ይህ ቤት ከፈረሰ ሴትየዋን ዝናብ ላይ ነው የምናወጣቸው። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ወተት ሻጯ ናት፤ ድው። ጎረቤት ወንፊት ሊዋስ ነው፤ ድው። እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ሰነበተ።

ልደብቀው ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ቡፌ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፤ እኛም ባለ መስታወት ቡፌ ነበረን። "ቡፌውን ከምሰሶው ፊት እናቁመው፣ ከኋላው መጋረጃ እናውርድለት፣ ማን ያየዋል?" አልኩ። ከድር ተስማማ። ስንገፋ እማማ ዙልፋ ከመስገጃቸው ተነሱ።

"ምን ልታደርጉት ነው?"

"ለጊዜው ነው እማማ፤ ሰውዬው አይቶ እስኪሄድ" አልኳቸው።

"ባሌን ከስኒ ጋር ቡፌ ልትከቱት ነው?" አሉና ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። "ስሰርቅ አልያዝኩ! ምን አባቱ ያስደብቀኛል?"

ቡፌው ወደ ቦታው ተመለሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

የመጣው በሴቶች አረፋ ቀን ነው። ከእርዱ በፊት ያለው ቀን የእኛ የሴቶች ነው፤ ሥጋ የለም፣ ጎመን ተከትፎ በቅቤና በአይብ ይቀርባል፣ ቆጮው ይጋገራል፣ ቤቱ በአዲስ ሣር ይጎዘጎዛል። በሩ ተንኳኳ። ሄጄ ስከፍት ረዥም፣ ቀጭን፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ ሰው፤ በአንድ እጁ ሜትር፣ በሌላው ፕላኑን ጠቅልሎ ይዟል። አቶ ይበልጣል ይባላል፤ ጎጃም ተወልዶ በሥራ ምክንያት ወደ እኛ የመጣ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ነው። አላፊ አግዳሚው "ያ ሜትሩ መጣ" እያለ የሚሸሸው እሱን ነው። "እንደምን ዋላችሁ?" አለ ዝቅ ብሎ። እማማ ዙልፋ ከውስጥ "ማነው እሱ? እንግዳ ከደጅ አይቆምም፣ ግባ!" አሉ።

ገባና ቆመ። ለረዥም ጊዜ ምሰሶውን አየ። ፕላኑን ዘረጋ፣ አየው፣ አጠፈው።

"ከድር፣ ይሄ ምንድነው?"

"ምሰሶ ነው።"

"እዚህ ላይ የለም።"

"የለም።"

"ነባሩ ቤት ሙሉ በሙሉ ይነሳል ብለህ ፈርመሃል።"

"ፈርሜያለሁ፣ ጋሼ ይበልጣል። ቤቱን አንስቻለሁ። ይሄ..." ከድር ምሰሶውን ዳበስ አደረገው። እኔ በልቤ ያለችኝን ዱዓ ሁሉ አነበነብኩ። እማማ ዙልፋ ብቻ ነበሩ ያልፈሩት፤ "ቆሞ አይለካም፤ መጀመሪያ ቅመስ" አሉና ወደ እኔ ዞረው "አቅርቢለት" አሉኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ሰውዬው ክርስቲያን ነውና የእስላም ሥጋ አይበላም፤ ዛሬ ግን ሥጋ የለም። ክርስቲያኖቹም ከፋሲካቸው በኋላ ያለው ሃምሳው ቀን ስላላለቀ ጾም የለባቸውም፣ ቅቤውንም ይበላሉ። አላህ ሲያገጣጥም እንዲህ ነው። ቆጮውንና ጎመኑን አቀረብኩ። ሰውዬው አመነታ፣ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሳያውቀው ምሰሶው ላይ አስደገፈ፣ በላ። ስንት ዘመኑ ነው ከናቱ ቤት ከወጣ? አበላሉ የተራበ ሰው አበላል ነበር። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለና መሰላል አስመጥቶ ወጣ።

የምሰሶውን አናትና የጣሪያውን እንጨት ተመለከተ። እጁን ዘርግቶ በመሐላቸው አሳለፈው። ወዲያ አለፈ፣ ወዲህ ተመለሰ፤ ምንም አልያዘውም። ወረደ። "ደንቡ የሚለው የነባሩ ቤት አካል ነው" አለ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ የሚያስረዳ እየመሰለ። "የቤት አካል ማለት የሚሸከም ወይ የሚከልል ነው። ይሄ አይከልልም። ጣሪያውም አልነካውም። ምንም አልተሸከመም።" እስክሪብቶውን አወጣ። "ምንም ያልተሸከመ ነገር ግንባታ አይደለም። የቤት ዕቃ ነው። እንደ ቡፌው።" ጻፈና ፈረመ። ከድር ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። እኔ ልጮህ ነው እልል ልል ነው ሳላውቅ አፌን በድሪያዬ ያዝኩ። ሰውዬው በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "መልካም አረፋ" አለን። ስንሸኘው አንዳችንም ወደ ኋላ አላየንም ነበር።

ስንመለስ እማማ ዙልፋ የጀመሩትን ጎመን ትተውታል።

"ምን አለ?" አሉ።

"ዳንን እማ! ቤቱ አይፈርስም!" አለ ከድር።

"እሱን ሰማሁ። ስለ ሸፋ ምሰሶ ነው የምልህ። ምን አለ?"

ከድር ደስታው ስላሰከረው አላስተዋለም። "ምንም አልተሸከመም አለ። እውነቱን እኮ ነው፤ እዪ!" ብሎ እሱም መሰላሉ ላይ ወጣና እጁን በምሰሶው አናት ላይ አሳለፈ። እማማ ዙልፋ እጁ ሲያልፍ አዩ። እኔ ደግሞ እሳቸውን አየሁ። ያን ሁሉ ሰሞን ይነቀልብኛል ብለው አልፈሩም፤ ቤት ይፈርስብኛል ብለውም አልፈሩም። ያቺ አንዲት ቃል ግን ስትመታቸው አየሁ። ያን ዕለት ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሱም። ልጆቻቸው ከመርካቶ አቧራ ለብሰው ሲገቡ፣ ሲሳሙ፣ ቤቱን ሲያደንቁ፣ እሳቸው እያሳሉ በዓይናቸው የምሰሶውን አናት ብቻ ያያሉ።

በማግስቱ በሬው ታረደ። የከድር ወንድሞች ታፋውን ተሸክመው ገብተው እንደ ድሮው ከጓዳው ወራጅ ላይ ሊሰቅሉት ሲሉ እማማ ዙልፋ ከተቀመጡበት "ወዴት?" አሉ።

"ወደ ጓዳ እማ።"

"እዚህ ስቀሉት።" በበትራቸው ምሰሶውን መቱት። "ዕቃ ነው አይደል የተባለው? ዕቃ ከሆነ ይሥራ! ሚስማር አምጡ!"

ልጆቹ ተያዩ። አባታቸው በተከሉት እንጨት ላይ ማን ደፍሮ ሚስማር ይመታል? ከድር ነው መዶሻውን ያነሳው። ጥዱ ደርቆ ብረት ሆኗልና ሚስማሩ ሁለት ሦስቴ ጎበጠ። በመጨረሻ ያዘ። ታፋው ተሰቀለ፤ ክብደቱ ሚስማሩን ጎተት አደረገው፤ ምሰሶው ግን ንቅንቅ አላለም። እማማ ዙልፋ አዩት። "አዎ" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የበሉት።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የሚሰቀል ነገር ሁሉ ማረፊያው እዚያ ሆነ። ሚስማሩ በዛ። የልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ የቅቤ ቅል፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የሶላት ሻሽ፣ እንግዳ ሲመጣ የእንግዳው ጋቢ። እማማ ዙልፋ አንድ ነገር ወንበር ላይ ተጥሎ ካዩ ዝም አይሉም፤ "እሱ እያለ ወንበር ለምን ይቸገራል?" ይላሉ። ስንት ክረምት በደረቅ ቤት ከርመው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥሩ እንደተቀመጡ አለፉ። የአባባ ሸፋ ቃል ሞላ፤ ምሰሶው ሳይወድቅ ነው የወጡት። ከተማውም ተለወጠ። መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ጋሪው በባጃጅ ተተካ፣ ካሴት ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆነ፣ ግራና ቀኛችን ፎቅ በቀለ። ከድርም ሄደ። በገበያ ቀን ከሱቅ ተመልሶ፣ አስነጥሰን፣ ስቀን፣ ኮቱን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ "ትንሽ ጋደም ልበል" አለ። ጋደም እንዳለ ቀረ። ኮቱን ያወረደው ሰው የለም።

አሁን ልጄ ጀማል ባለ አንድ ፎቅ ሊሠራ ነው። ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። ፈቃዱ ወጥቷል፤ የአፈሩ ምርመራ፣ የብረቱ ስሌት፣ የመሐንዲሱ ማኅተም፣ ሁሉም ተሟልቷል፤ አንዲት የጎደለች ነገር የለችም። ባለፈው ሳምንት ወጣቱ መሐንዲስ መጣ። ሜትር የለውም፤ በእጁ የያዛት ትንሽ ዕቃ ስትነካ ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ ታሳርፋለች። ቀዩን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "አይዞዎት እማማ፣ መለኪያ ነው" አለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ዞር ዞር አለና ምሰሶው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከላይ እስከ ታች ልብስ፣ ቦርሳ፣ ሻንጣ። "ይሄ የኮት መስቀያ ይነሳል አይደል?" አለ። ጀማል እኔን አየኝ። "ይነሳል" አለ ቀስ ብሎ። ምን ይበል? ልጁ ሦስት ልጆች ይዞ በአንድ ክፍል ተጨናንቋል። እኔስ ምን ልበል? አሁን ምሰሶውን መንቀል የሚከለክል ደንብ የለም፣ ለማቆየትም የሚያግዝ ደንብ የለም፤ ሰኞ ሠራተኞች ይገባሉ፤ ቤቱን ባዶ አድርጋችሁ ጠብቁን ብለዋል።

ዛሬ ጠዋት የጭቃው ሽታ ሲመጣብኝ እንግዲህ አይቀርም አልኩና ተነስቼ ማውረድ ጀመርኩ። ጃንጥላውን አወረድኩ። የልጆቹን ቦርሳ አወረድኩ። የቆመውን ሰዓት፣ የአማቴን ሻሽ አወረድኩ። መጨረሻ የቀረው አመድማው የከድር ኮት ነው። አንገቱን ይዤ ከሚስማሩ ሳላቅቀው አስነጠሰኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ! ኪሱ ውስጥ የበርበሬ ብናኝ እንጂ ሌላ ምንም የለም፤ አውቃለሁ። ግን ከበደኝ። ሁለት እጄን ሰጥቼው ከበደኝ፤ የት እንደማኖረው ዙሪያዬን ባይ ቤቱ ውስጥ ይህን የሚችል ሌላ ነገር አጣሁ። መልሼ ሰቀልኩት። ንቅንቅ አላለም።

ጀማል ከደጅ "እማ፣ ባዶ ሆነ?" ብሎ ተጣራ።

"አልሆነም" አልኩት፤ ሥሩ ተቀምጬ።